በታመመ እግር ላሊበላን መሳለም

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና አጠባበቅ መጻፍ ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን ስለ ገዛ እግራችን ስለምንጽፍ አስቀድመን ይቅርታችሁን እንለምናለን። ከእናንተ መካከል ጉልበቱን የሚቈረጥመው፥ ወገቡ አልታዘዝ ያለው፥ ወይም አረጋዊት እናቱን ይዞ ወደ ላስታ ለመውጣት የሚያስብ ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ በእኛ የደረሰውን ብንነግረው ድካሙ ጥቂት ይቀልለት ይሆናል ብለን ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። በታኅሣሥ መጀመሪያ የሳሎናችን አምፖል ስለ ተቃጠለ፥ ሰው ማዘዝ እየቻልን በርጩማ ላይ ወጥተን ራሳችን ለመለወጥ ስንሞክር በርጩማው ከሥራችን ከዳን፤ የግራ እግራችንም ቍርጭምጭሚት ተሰበረ። ሐኪሙ በጄሶ ጠቅልሎ፥ ክራንች የሚባለውን የብብት ምርኩዝ ሁለት ሰጥቶ፥ አራት ሳምንት ጨርሶ እንዳንረግጥበት፥ ከዚያም በኋላ ጥቂት በጥቂት ብቻ እንድናሳርፈው አዘዘን። ጠያቂው ብዙ ነበረ። አንዱ ወጌሻ ይሻልዎታል ይላል፤ ሁለተኛው የአጥንት ሾርባ ይጠጡ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ የበርጩማውን ታሪክ እንደገና አስነግሮ ይስቃል። ለሁሉም እግዜር ይስጥልን አልን።

ጭንቀታችን ግን ከስብራቱ ላይ አልነበረም፤ ከስእለት ላይ ነበረ እንጂ።

እኛ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለን ኩፍኝ ይዞን ሦስት ቀን ዓይናችንን ሳንገልጥ በቈየን ጊዜ፥ እናታችን "ቅዱስ ላሊበላ ሆይ፥ ይህን ልጅ ብታተርፍልኝ በእግሩ አምጥቼ ደጅህን አሳልመዋለሁ" ብለው ተስለው ነበር። ልጁ ተረፈ፤ ስእለቱ ግን ዕዳ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ ገንዘብ አልነበረም፤ ቀጥሎ ትምህርት፥ ከዚያም ሥራ መጣ። በ2012 ዓ.ም. ሻንጣ እስከ ማዘጋጀት ደርሰን ሳለ የኮሮና ወረርሽኝ ገባ። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ጦርነት በዚያ አገር አለፈ፤ ላሊበላም መከራውን ቀመሰች። እናታችን በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱንም፤ ነገር ግን ታኅሣሥ በመጣ ቍጥር የነጠላቸውን ጥለት እየዳበሱ ዝም ይላሉ። ዘንድሮ ሰባ ስድስት ዓመት ሞላቸው። የጕዞው ቀን ተቈርጦ፥ ትኬቱ ተገዝቶ ሳለ ነው እንግዲህ በርጩማው የከዳን።

እንዘገያለን ብንላቸው "ዕድሜዬን ማን ዋስ ይሆነኛል?" አሉን። በዚህ ላይ የምንመልሰው ቃል ስላልነበረን፥ ሐኪሙን አማክረን በአምስተኛው ሳምንት፥ የገና ተሳላሚ ከተበተነና ጥምቀት ሳይደርስ ባለው ጊዜ ለመሄድ ቈረጥን። ይህን ጊዜ መምረጣችን መልካም ሆኖ አገኘነው። ታኅሣሥ 29 ቀን ቤዛ ኵሉ በሚዘመርበት በቤተ ማርያም ዙሪያ የሚቆመውን ሕዝብ ያየ ሰው፥ በዚያ መካከል ሁለት ክራንች ይዞ መግባት ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። በዚያ ቀን ጤነኛው ሰው እንኳ የሚሄደው በእግሩ ሳይሆን በሕዝቡ ግፊት ነው።

ከአዲስ አበባ ላሊበላ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ከጋሸና ተገንጥሎ ወደ ሰሜን ይታጠፋል፤ በአውሮፕላን ግን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። እግሩ በጄሶ የታሰረ ሰው ትኬት ከመግዛቱ አስቀድሞ ሐኪሙንና አየር መንገዱን ይጠይቅ፤ አዲስ የታሰረ ጄሶ በበረራ ጊዜ እግሩ ሲያብጥ ሊያጣብቀው ይችላልና። እኛ ጣቶቻችንን እያንቀሳቀስን፥ በየጊዜውም እየተነሣን ሄድን። ከአውሮፕላን ጣቢያው እስከ ከተማው ድረስ ሃያ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ዳገት አለ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነ፥ በክራንች የሚሄድ ሰው እግሩ ሳይደክም ትንፋሹ አስቀድሞ ይደክማል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ምንም ሳያዩ እግርን ትራስ ላይ ሰቅሎ ማሳለፍ ኪሳራ አይደለም። ለማረፊያም ምድር ቤት ያለውን ክፍል አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በላስታ ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ቤት መሥራት የቈየ ልማድ ነው፤ ለዓይን ያማረ ሲሆን ደረጃው ግን በውጭ የሚወጣ ነውና ለእንደኛ ያለ ሰው አይመችም።

አሁን ስለ ቦታው ጠባይ ጥቂት እንናገር። በአገራችን ብዙ ገዳማት በተራራ ጫፍ ላይ ስለሚገኙ፥ ተሳላሚው በብርታቱ ወጥቶ በድካሙ ይወርዳል። በላሊበላ ግን ነገሩ ግልብጥ ነው። ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከመሬት በታች ከአንድ ዐለት የተፈለፈሉ ስለ ሆኑ፥ ሰው አስቀድሞ ይወርዳል፤ ከተሳለመ በኋላ በደከመ እግሩ ይወጣል። በሰሜን በኩል ቤተ መድኃኔ ዓለም፥ ቤተ ማርያም፥ ቤተ መስቀል፥ ቤተ ደናግልና ቤተ ጎልጎታ ሚካኤል አሉ፤ ዮርዳኖስ ከተባለው ወንዝ ማዶ ቤተ አማኑኤል፥ ቤተ መርቆሬዎስ፥ ቤተ አባ ሊባኖስ፥ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ ልሔም ይገኛሉ፤ ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ነው። ደረጃዎቹ የተጠረቡት በመሣሪያ ሲሆን የተስተካከሉት ግን በተሳላሚ እግር ነው፤ ስምንት መቶ ዓመት የተረገጠ ድንጋይ እንደ ተወለወለ ሳሕን ያንሸራትታል። አንዱ ደረጃ አንድ ስንዝር፥ ቀጣዩ እስከ ጉልበት ነው። የበሮቹም መድረክ ከፍ ያለ ነው።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ይህን ሥራ አይቶ ሲጽፍ፥ ከዚህ የበለጠ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ መሰልቸቱን ተናግሯል። እኛ ደግሞ በአንድ እግር ያየነውን ብንጽፍ የሚያምነን እናገኝ ይሆን?

በሁለተኛው ቀን ጧት ባጃጅ ተሳፍረን እስከሚያደርሰን ድረስ ደረስንና፥ አንድ ወጣት ዲያቆን መሪ ሆኖን ወደ ቤተ መድኃኔ ዓለም ወረድን። ከሁሉም ይልቅ ለእኛ የቀለለን ይህ ነበረ። የቤተ ክርስቲያኑ ርዝመት 33 ሜትር ተኩል፥ ወርዱ 23 ሜትር ተኩል፥ ቁመቱም 11 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከበሩ ስንደርስ ግን ያላሰብነው ጥያቄ ተነሣ። ጫማ ማውለቅ ግዴታ ነው፤ የቀኝ ጫማችንን አወለቅን፤ የግራው ግን ጄሶ ነው። ጄሶውም ከአዲስ አበባ ጀምሮ የረገጠውን አቧራ ሁሉ ተሸክሟል። ጫማ ጠባቂው ጄሶውን አየ፤ ዲያቆኑን አየ፤ ዲያቆኑም ወደ ውስጥ ገብቶ አንድ ሽማግሌ ቄስ ጠርቶ መጣ። እሳቸውም ጐንበስ ብለው መርምረው "ይህ ጫማ አይደለም፤ ሕመም ነው። ነገር ግን ንጹሕ ነገር ይልበስ" ብለው ፈረዱ። እናታችን ለመጠባበቂያ የያዙትን ነጭ ነጠላ ከቦርሳቸው አውጥተው እግራችንን እንደ ሕፃን ጠቀለሉት። ስለዚህ ወደዚያ የምትሄዱ ሕሙማን ሁሉ ንጹሕ ወፍራም ካልሲ ወይም ጨርቅ መያዝ አትርሱ፤ ለክራንቻችሁም ጫፍ አዲስ ጎማ አስደርጉለት። በውስጥ የተነጠፈው ምንጣፍ እየተጣጠፈ ክራንችን ይጠልፋልና ሰው ከፊት ቀድሞ እንዲያቃናላችሁ አድርጉ።

ስለ ምንጣፉ አንድ ሌላ ነገር ካልተናገርን እውነቱን ሸሽገናል። በምንጣፉ ውስጥ ቍንጫ አለ። ለጤነኛ ሰው ቍንጫ ትንሽ ነገር ነው፤ ያክካል፥ ያልፋል። ከጄሶ ውስጥ የገባ ቍንጫ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ገብቶብን ነበር። ሦስት ሌሊት ያህል የእናታችንን የሹራብ መርፌ ተበድረን በጄሶው አፍ እያስገባን ተዋግተነዋል፤ ይህንም ሐኪም እንዳይሰማ። ቈዳን ስለሚያቈስል እናንተ አታድርጉት።

በውስጥ 28 ዓምዶች ቆመዋል። ወንበር የለም፤ በአገራችን ቤተ ክርስቲያን የሚቆሙበት እንጂ የሚቀመጡበት አይደለምና። ሽማግሌው ቄስ ክራንቻችን ብብታችንን እንዳቈሰለው አይተው አንድ መቋሚያ ሰጡን። ያን ጊዜ አንድ ነገር አስተዋልን። የመቋሚያ ራስ በብብት ሥር እንዲገባ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆሙ ካህናት የሚደገፉበት ነው። እኛ ሐኪም ቤት እስክንሄድ ድረስ ክራንች የሚባል ነገር የፈረንጅ ብልኀት ይመስለን ነበር፤ ለካ የደከመ እግር ነገር በዚህ ቤት ከጥንት የታወቀ ኖሯል።

እናታችንም ጊዜውን አይተው የስእለታቸውን ነገር ለቄሱ አቀረቡ። "አባቴ፥ በእግሩ አመጣዋለሁ ብዬ ተስዬ ነበር፤ በአውሮፕላንና በባጃጅ አመጣሁት። እዚህም የደረሰው በዚህ ዕንጨት ነው። ዕዳዬ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም?" አሉ። ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛም በዚህ ዕድሜያችን እንደ ተከሳሽ ልጅ አንገታችንን ደፋን። ቄሱ ጥቂት ዝም ብለው "የታመመም ቢሆን እኮ እግሩ እግሩ ነው፤ ይዞት መጥቷል" አሉ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን የሚጠበቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ለሕሙማን ፈውስ እንደሚሰጥ ምእመናን ያምናሉ፤ ይህም መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከአገር ከወጣ በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰ ነው። በእሱ ተባረክን። እናታችን ግን መልሱ ያጠገባቸው አልመሰሉንም። እናትን በአንድ ቃል ማሳመን ለቄስም ይከብዳል።

ወደ ቤተ ማርያም ግቢ በዐለቱ ውስጥ በተቀደደው መተላለፊያ አለፍን። ከዚያም ዲያቆኑ ወደ ቤተ ጎልጎታ እንዲወስደን ጠየቅነው፤ የንጉሥ ላሊበላ መቃብር በዚያ እንደሚገኝ ይነገራልና። "ጋሼ፥ መንገዱ ለእግርዎ አይሆንም፤ ለእማማ ደግሞ ሴት አይገባበትም" አለን። በዚህ ጊዜ እኛና እናታችን ተያየን። እሳቸውን ሥርዐት፥ እኛን እግር ከልክሎናል። በግቢው ጥግ በጥላው ሥር ተቀምጠን፥ ከቤት የያዝነውን ዳቦ ቈረስን። እናታችን በዕድሜያቸው ሙሉ ከማይገቡበት በር ውጭ ቆመው መሳለም የለመዱ ናቸው። ቅር ሳይላቸው ወደዚያው አቅጣጫ ሦስት ጊዜ ሰገዱና "ደጁን የሳመ ገብቷል" አሉን። በእርግጥም በእኛ ቋንቋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ ለማለት ቤተ ክርስቲያን ሳምሁ እንላለን፤ ግድግዳውን ወይም የበሩን መቃን ስሞ የተመለሰ ሰው ጐደለብኝ አይልም። እግሩ የታመመ ሰው ይህን ቢያስብ ኀዘኑ ይቀልለታል። አገር ለማየት የሚመጣ እንግዳ ግን ዐሥራ አንዱንም ካልቈጠረ የተዘረፈ ይመስለዋል፤ እኛም በማግስቱ በዚሁ በሽታ ተያዝን።

በሦስተኛው ቀን ከዮርዳኖስ ማዶ ያሉትን ለማየት ተነሣን። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በጥልቅ ጉድጓድ ላይ በተዘረጋ መሸጋገሪያ የሚገባበት ነው፤ ከዚያም ወዲያ ወደ ጎረቤቶቹ የሚያሻግር ድቅድቅ ጨለማ የሆነ የዋሻ መንገድ አለ። ዋሻውን ዲያቆኑ እንዳናስበው ለመነን፤ እሺ አልን። ወደ ቤተ አማኑኤል የሚያወርደውን ደረጃ ግን "ይህን ያህልስ አንሰነፍም" ብለን፥ እጃችንን ሊይዝ የመጣውን ዲያቆን ገሸሽ አድርገን ብቻችንን ጀመርን። ምክንያቱን አሁን ብንመረምረው ትዕቢት ነው፤ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች ከሥር ሆነው ይመለከቱን ነበርና። በአራተኛው ደረጃ የቀኝ ክራንቻችን ጫፍ ሸርተት አለ። ዲያቆኑ ከኋላ በኮሌታችን ባይዘን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ ነበር። እናታችን ከላይ ሆነው የጮኹት ጩኸት እስካሁን በጆሯችን አለ።

በዚህ አጋጣሚ ሐኪሙ አስተምሮን የረሳነውን ሥርዐት እንንገራችሁ። ደረጃ ሲወርዱ ምርኩዙና የታመመው እግር ይቀድማሉ፥ ጤነኛው ይከተላል፤ ሲወጡ ጤነኛው ይቀድማል፥ የታመመውና ምርኩዙ ይከተላሉ። አንድ ምርኩዝ ብቻ የሚይዝ ሰው በታመመው እግር በኩል ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ይያዘው። ደጋፊ የሚሆነው ሰውም ሲወርዱ ከፊት፥ ሲወጡ ከኋላ ይሁን እንጂ በጎን አይጐትት። በላሊበላ ደጋፊ አይታጣም፤ ነገር ግን ዋጋውን አስቀድሞ በግልጽ መነጋገርና በኋላም እጅን አለማጠፍ ጨዋነት ነው።

ከውድቀታችን በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስናስብ ቈየን። በአሜሪካና በፈረንሳይ ዲዝኒ የሚባሉት ታላላቅ የመዝናኛ ሥፍራዎች፥ እግሩ ለታመመ እንግዳ ከበር ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ያከራያሉ። ይህ አያስደንቅም፤ እነሱ ሕዝብ እንዲመላለስባቸው በቅርብ ዘመን የተሠሩ ናቸው። የሚያስደንቀው የአቴና ነገር ነው። የግሪክ መንግሥት ሁለት ሺሕ አራት መቶ ዓመት ወዳለፈው አክሮፖሊስ አካል ጉዳተኞች የሚወጡበትን አዲስ አሳንሰር በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሥራ አስጀምሯል፤ በአምባውም ላይ የሲሚንቶ መንገድ ዘርግቷል። መንገዱን ግን ከጥንት ሥራ ተመራማሪዎች አንዳንዶቹ ነቅፈውታል። አገራችንም ስለ አካል ጉዳተኞች መብት የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የስምምነቱ 30ኛ አንቀጽ በተቻለ መጠን ወደ ታላላቅ ቅርሶች መግባት እንዲችሉ ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም ለሕዝብ የሚያገለግሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ደንግጓል። ንጉሥ ላሊበላ ግን ከአዋጁ በፊት የሠራ ስለ ሆነ አይጠየቅም!

በእኛ አስተያየት በዚያ ዐለት ላይ አንዲት አዲስ ደረጃ እንኳ መጥረብ አይገባም። ዐለቱ ልል ነው፤ የዝናብ ውኃ ስንጥቁን እያሰፋበት ኖሯል። አምስቱን አብያተ ክርስቲያናት ከዝናብ ለመከለል በ2000 ዓ.ም. የተተከሉት የብረት ጣራዎች እንኳ ራሳቸው ስጋት ሆነው፥ በ2011 ዓ.ም. የከተማው ሕዝብ ይነሡልን ብሎ አደባባይ ወጥቷል። ከዚህ የተነሣ በዚያ ቦታ ላይ የሚጨመረው ሁሉ ቀላልና ተነሺ መሆን አለበት። ነገር ግን ዐለቱን ሳይነኩ የሚደረግ ብዙ ነገር አለ። በቀኑ መጨረሻ የሚነሣ የዕንጨት መረማመጃ፥ ከደረጃው ዳር የሚወጠር ገመድ፥ ከላይ ባለው መንገድ ላይ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበር፥ በጥላ ሥርም አግዳሚ ወንበር ቢኖር ማንን ይጐዳል? ያን ለታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ከአርባ ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ሦስት ባለ ከዘራ ሽማግሌዎችና በሁለት ሰዎች ትከሻ የተደገፈች አንዲት ወጣት ሲያልፉ ቈጥረናል። ከጦርነቱ ወዲህ እግሩን ያጣ ወንድም በየከተማችን እንዳለ ደግሞ የማያውቅ የለም። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ላሊበላ ሲመጣ እንደ እኛ ለስድስት ሳምንት ብቻ አይደለም የሚቸገረው።

ወደ አሸተን ማርያም በበቅሎ ለመውጣት ያደረግነውን ሙከራ በአጭሩ እንለፈው። በቅሎ በግራ በኩል ይወጣበታል፤ የእኛ ግራ እግር ግን እርካብ ሊረግጥ አይችልም። ባለበቅሎው ድንጋይ አስጠግቶ በቀኝ በኩል ሲያወጣን፥ ያልለመደችው በቅሎ ዞራ አየችንና ሁለት ጊዜ ሸሸች። ከወጣንም በኋላ የተንጠለጠለው እግር እያበጠ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጣቶቻችን ጠቈሩ። የእግር ጣት መጥቈርና መደንዘዝ ጄሶው እንደ ጠበቀ የሚያመለክት ስለ ሆነ ቸል አይባልም። ወዲያው ወርደን፥ እግራችንን ኮርቻ ላይ ሰቅለን መሬት ላይ ተጋደምን። በቅሎይቱ ሣር ትግጥ ነበር። እናታችንም "አሸተን ትቅርብን" አሉ።

የመጨረሻው ቀን ለቤተ ጊዮርጊስ ነበረ።

ቤተ ጊዮርጊስን ለማየት ከሁሉ የሚሻለው ሥፍራ ከላይ መሆኑን ጤነኞቹም ይመሰክራሉ። ጣራው ከምትቆሙበት መሬት ጋር ትክክል ነው፤ በላዩም ሦስት መስቀሎች አንዱ በአንዱ ውስጥ ተቀርጸዋል፤ ዙሪያው ወደ 12 ሜትር ያህል ገደል ነው። ስለዚህ በታመመ እግር መጥቶ ከዳር የሚቆም ሰው ምርጡን አግኝቷል። ነገር ግን ከጫፉ ሩቅ ይቁም፤ አጥር የለውምና፥ ክራንች የሚሸሸው ባልታሰበ ጊዜ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ቅዱስ ጊዮርጊስ ለእኔ ሳትሠራልኝ ብሎ በፈረሱ መጥቶ ንጉሡን በወቀሰው ጊዜ፥ የፈረሱ ኮቴ በግድግዳው ላይ ታትሞ ቀርቷል። እሱ ከነፈረሱ ወረደ፤ እኛ ያለ በቅሎም መውረድ አቃተን።

እናታችን ወደ ታች የሚያወርደውን ጠባብ መንገድ አይተው ወደ እኛ ዞሩ። ምን እንዳሰቡ አወቅነው። ቄሱ ቢፈርዱላቸውም፥ በልባቸው ስእለቱ የሚፈጸመው ልጃቸው ከታች ያለውን ደጅ በሳመ ጊዜ ነበር። እኛም ትናንት የሆነውን ረስተን "እንሞክር" ለማለት አፋችንን ከፈትን። እሳቸው ግን ቀደሙን። "አንተ እዚህ ሁን። ከላይ ሆነህ እየኝ፤ እኔ ስምልሃለሁ" አሉ። ከዘራቸውን ያዙ፤ የዲያቆኑን ክንድ ያዙ፤ ወረዱ።

በዐለቱ ውስጥ ባለው መተላለፊያ ሲገቡ ከዓይናችን ተሰወሩ። አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ሰው እንዲህ ሲጠብቅ ደቂቃ እንዴት እንደሚረዝም ታውቃላችሁ። ሰባ ስድስት ዓመት የሞላቸውን እናት ወደ ገደል ልኮ፥ ራስ ከላይ ተቀምጦ መጠበቅ ለወንድ ልጅ የሚያኮራ ነገር አይደለም። በልጅነታችን በኩፍኝ ተይዘን የተኛንበትን አልጋ አሰብን፤ ያን ጊዜ የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። ትንሽ ቈይቶ ከታች፥ በቀዩ ዐለት መካከል ነጭ ነጠላቸው ብቅ አለ። አንድ ጊዜ ሰገዱ፤ ግድግዳውን ሳሙ። ትንሽ ፈቀቅ ብለው ደግሞ ሳሙ። ሁለተኛውን ለማን እንደ ሳሙት አልጠየቅናቸውም። ከዚያም ቀና ብለው በእጃቸው ፀሐዩን ከልለው ፈለጉን። ክራንቻችንን ወደ ላይ ከፍ አድርገን አሳየናቸው፤ በዚህም ጊዜ በአንድ እግራችን ስለ ቆምን ልንወድቅ ጥቂት ቀረን።

ወደ ላይ ሲመለሱ ትንፋሻቸው ተቈራርጦ ነበር፤ ፊታቸው ግን የሙሽራ ፊት ይመስል ነበር። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን እምነት ፈትተው፥ ጐንበስ ብለው ከጄሶው ወጥተው የሚታዩትን አምስት ጣቶቻችንን አንድ በአንድ ቀቡ። የተረፈውን በጄሶው አፍ ወደ ውስጥ አፈሰሱት። "ሐኪሙ ይቈጣል" ብንላቸው "ሐኪሙ የዛሬ አርባ ዓመት የት ነበር?" አሉን።

በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ ላይ ጄሶው በመጋዝ ተከፈተ። ነጩ አንሶላ ላይ የቀይ ዐፈር ብናኝና አንድ የደረቀ ቍንጫ ወደቁ። ሐኪሙ "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀን። እኛ መልስ ስንፈልግ፥ እናታችን ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቍንጫውን በጥፍራቸው ወደ ጎን ገፉና ዐፈሩን በወረቀት ጠቅልለው ወደ ቦርሳቸው ከተቱ።